የነጣው የመኪና ጥቁር ፕላስቲክ፦ ለምን ይነጣል? እንዴት ይመለሳል? እንዴትስ ይቆያል?

ሞተሩ ደህና ነው። ቀለሙም ገና አልደበዘዘም። ግን ፓራውልቱ፣ የስፖኪዮው ቤትና የጎማው ዙሪያ ያለው ጥቁር ፕላስቲክ አመድ መስሏል። እንዲህ ያለ መኪና ከዕድሜው በላይ ያረጀ ይመስላል። ገዢ ሲመጣም የመጀመሪያ ጥያቄው "ይሄ መኪና ፀሐይ ላይ ነው እንዴ የኖረው?" ነው፤ ከዚያ ዋጋ መቀነስ ይጀምራል።

በ2016 ዓ.ም መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ከወሰነ በኋላ ብዙ ሰው ያለውን መኪና ይዞ መቆየትን መርጧል። ስለዚህ ያለውን መጠበቅ ከቅንጦት ወጥቶ ንብረትን የማዳን ጉዳይ ሆኗል።

ታዲያ ብዙዎቻችን የምናውቀው መፍትሔ አንድ ነው። ላቫጆ እንገባለን፣ ታጥቦ ሲያልቅ ልጁ በስፖንጅ የሆነ ነገር ይቀባልናል፣ መኪናው ፏ ብሎ ይወጣል። ሁለት ዝናብ ከመታው በኋላ ግን ተመልሶ አመድ ነው። እንደገና ገንዘብ፣ እንደገና ቅባት።

የዚህ ጽሑፍ ፍሬ ነገር አንድ ነው፦ ፕላስቲክን ማርጠብና ፕላስቲክን መመለስ ይለያያሉ። የምትከፍሉት ለየትኛው እንደሆነ ካወቃችሁ አትሸወዱም። ከምክንያቱ ጀምረን እስከ አጠባበቁ በቅደም ተከተል አዘጋጅተንላችኋል።

የትኛው ፕላስቲክ ነው የሚነጣው?

የምናወራው ቀለም ስላልተቀባው ጥቁር (አንዳንዴም ጥቁር ግራጫ) ፕላስቲክ ነው። የሚገኘውም እዚህ ነው፦

- የፊትና የኋላ ፓራውልት (በሥራ መኪኖች፣ በሚኒባሶችና በቆዩ ጂፖች ላይ ብዙውን ጊዜ ሙሉ በሙሉ ጥቁር ነው)
- በጎማው ዙሪያ ፓራፋንጎው ላይ የተለጠፈው ጥቁር ቅስት
- በበሮቹ ጎን የሚሄደው መስመር
- የስፖኪዮ ቤትና የበር እጀታ
- ከፊት መስታወት ሥር፣ የዝናብ መጥረጊያው የሚነሳበት ቦታ
- የፖርቶመጋላ እግሮችና ሽፋኖች

ከመኪናው ቀለም ጋር አንድ ዓይነት ተደርጎ የተቀባ ፓራውልት ከዚህ ውጪ ነው። እሱ ከላይ ቀለምና ቬርኒሽ ስላለው የሚታከመው እንደ መኪናው አካል በፖሊሽ ነው። ሁለቱን አታምታቱ፤ ፖሊሽ ጥቁሩ ፕላስቲክ ላይ ሲደርስ ምን እንደሚያደርግ ወደታች እናየዋለን።

ለምን ይነጣል?

አብዛኛው የፓራውልት ፕላስቲክ ፖሊፕሮፒሊን የሚባለው ዓይነት ነው። እንዳይሰባበር ጎማነት ያለው ነገር ይደባለቅበታል። ጥቁር የሚያደርገው ደግሞ በጣም ደቃቅ የሆነ የካርቦን ዱቄት ነው፤ ከጥላሸት ጋር ዘመዳሞች ናቸው። ይህ ዱቄት ከቀለምነቱ በተጨማሪ የፀሐይን አልትራቫዮሌት ጨረር እየዋጠ ፕላስቲኩን ይከላከላል። ፋብሪካውም ሌሎች የፀሐይ መከላከያዎች ይጨምርበታል። ግን መከላከያው ዘላለማዊ አይደለም።

ጨረሩ የፕላስቲኩን ረጃጅም የሞለኪውል ሰንሰለቶች ይበጣጥሳል፤ ኦክስጅን ደግሞ የተበጠሰውን ያባብሰዋል። ከዓመታት በኋላ ላዩ ላይ በዓይን የማይታዩ ጥቃቅን ስንጥቆች ይፈጠራሉ። ብርሃን ለስላሳ ጥቁር ነገር ላይ ሲያርፍ አብዛኛው ይዋጣል። በተሰነጣጠቀና በሻከረ ነገር ላይ ሲያርፍ ግን በየአቅጣጫው ይበተናል፤ ዓይናችንም ያንን ነጭ ወይም ግራጫ አድርጎ ያየዋል። ፕላስቲኩ ውሃ ሲነካው ለጊዜው የሚጠቁረውም ለዚህ ነው። ውሃው ስንጥቆቹን ሞልቶ ላዩን ያስተካክለዋል፣ ሲደርቅ ደግሞ ይመለሳል።

እዚህ ላይ የላቫጆው ቅባት ምስጢር ይገለጣል። ቅባቱም የሚሠራው ልክ እንደ ውሃው ነው፤ ልዩነቱ ቶሎ አለመድረቁ ብቻ ነው።

እኛ አገር ችግሩ ለምን ይብሳል? አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2,350 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ከፍታ በ1,000 ሜትር በጨመረ ቁጥር የአልትራቫዮሌት ጨረር በ10 በመቶ ገደማ ይጨምራል፤ አየሩ ስለሚሳሳ ጨረሩን የሚያጣራው ነገር ይቀንሳል። በዚያ ላይ ለምድር ወገብ ቅርብ ነን፤ ፀሐይዋ ዓመቱን ሙሉ ከአናታችን ብዙ አትርቅም። "አየሩ እኮ ቀዝቃዛ ነው" የሚለው አያዋጣም። ፕላስቲኩን የሚጎዳው በዋናነት ጨረሩ ነው፤ አየሩ ስለቀዘቀዘ ጨረሩ አይቀንስም።

ከፀሐይ ሌላ ጥፋተኞችም አሉ፦

- ጠንካራ ሳሙና። በረኪና ወይም ብዙ ኦሞ የገባበት ውሃ የነበረውን መከላከያ ጠራርጎ ይወስዳል።
- ፖሊሽና ሰም። ለመኪናው ቀለም የተሠራ ነጭ ፖሊሽ ሸካራው ፕላስቲክ ውስጥ ገብቶ ሲደርቅ ነጭ እድፍ ይተዋል። ይሄ የፀሐይ ጉዳት ስላልሆነ መፍትሔውም ይለያል።
- አቧራ። ቅባት ላይ የተጣበቀ አቧራ በእያንዳንዱ መጥረግ እንደ ብርጭቆ ወረቀት ይፍቃል።

መጀመሪያ መርምሩ፦ 3 ቀላል ፈተናዎች

ምንም ነገር ከመግዛታችሁ በፊት እነዚህን ሞክሩ። አምስት ደቂቃ አይፈጁም።

*የጣት ፈተና።* የታጠበና የደረቀ ፕላስቲክ ላይ ጣታችሁን ጫን አድርጋችሁ ጎትቱት። ጣታችሁ ላይ ነጭ ወይም ግራጫ ዱቄት ከቀረ ላዩ ሞቷል ማለት ነው። ያ ዱቄት ሳይነሳ ከላይ የሚቀባ ማንኛውም ነገር ከዱቄቱ ጋር ይረግፋል።

*የውሃ ፈተና።* በጨርቅ አርጥቡት። ረጥቦ ጥሩ ጥቁር ከሆነ ጉዳቱ ላዩ ላይ ነው፤ ጥሩ መከላከያ ይመልሰዋል። ረጥቦም ግራጫ ከሆነ ጉዳቱ ጠልቋል፤ ማቅለሚያ ወይም ቀለም ያስፈልገዋል፤ ካልሆነም መቀየር ነው።

*የጠብታ ፈተና።* ደረቁ ላይ ውሃ ጠብ አድርጉ። ክብ ሆኖ ከተንከባለለ የድሮ ሲሊኮን ወይም ሰም አለበት ማለት ነው። ተዘርግቶ ከቀረ ላዩ ባዶ ነው። አዲስ ነገር ለመቀባት የምንፈልገው ባዶውን ነው።

ነጩ ነገር የፖሊሽ እድፍ ከመሰላችሁ (ብዙ ጊዜ ከቀለሙ ጠርዝ አጠገብ በጭረት መልክ ነው የሚታየው) የተማሪ ላጲስ አምጡና ትንሽ ቦታ ላይ ፈግፍጉ። ከለቀቀ ገንዘብ አታውጡ፤ ላጲስ፣ ለስላሳ ብሩሽና የሞቀ የሳሙና ውሃ ይበቃችኋል።

እጥበቱ፦ ሥራው ያለው እዚህ ነው

ሰው የሚቸኩለው እዚህ ነው፤ ሥራው የሚበላሸውም እዚሁ ነው። ውድ ኬሚካል ገዝታችሁ በቆሸሸ ፕላስቲክ ላይ ብትቀቡት ከርካሹ አይለይም።

የሚያስፈልገው፦ ሁለት ባልዲ ውሃ፣ የመኪና ሻምፑ (ከሌለ ጥቂት ላርጎ)፣ ለስላሳና መካከለኛ ብሩሽ (ያረጀ የጥርስ ብሩሽ ለጠባብ ቦታ ፍቱን ነው)፣ ንጹሕ ጨርቆች፣ ቀለም ቀቢዎች የሚጠቀሙበት የወረቀት ፕላስተርና አልኮል።

1. ጥላ ፈልጉ። ፕላስቲኩ በእጅ ሲነካ ቀዝቃዛ መሆን አለበት። ሳሙና በጋለ ፕላስቲክ ላይ ደርቆ ሌላ እድፍ ይሠራል።
2. መጀመሪያ በውሃ ብቻ አቧራውንና ጭቃውን አውርዱ። በደረቁ መፈግፈግ ክልክል ነው።
3. በሳሙና ውሃ በብሩሽ እሹት። ሸካራው ፕላስቲክ ጥቃቅን ጉድጓዶች ስላሉት ብሩሹን በአንድ አቅጣጫ ብቻ ሳይሆን ወደላይም ወደጎንም እያዞራችሁ ሂዱ።
4. አለቅልቁ፣ ድገሙ። አረፋው ነጭ እስኪሆን ድረስ ነው። የመጀመሪያው ዙር አረፋ ብዙ ጊዜ ቡናማ ወይም ግራጫ ሆኖ ይወጣል፤ አትደንግጡ፣ ያ የሞተው ላይና የድሮው ቅባት ነው።
5. አድርቁ፤ ከዚያ ጠብቁ። ውሃ በመጋጠሚያዎቹ ውስጥ ይደበቅና በኋላ እየወረደ የቀባችሁትን ያበላሻል። ቢያንስ አንድ ሰዓት ስጡት።
6. በአልኮል የነከረ ንጹሕ ጨርቅ ጥረጉት። ጨርቁ ጥቁር ወይም ቅባታማ ሆኖ መምጣቱን እስኪያቆም ድረስ ጨርቅ እየቀየራችሁ ቀጥሉ። በመጨረሻም የጠብታውን ፈተና ድገሙ።

ስለ አልኮሉ አንድ ማስታወሻ፦ ከኮቪድ ጊዜ ጀምሮ ቤታችሁ ያለው የእጅ ሳኒታይዘር ለዚህ አይሆንም። እጅ እንዳይደርቅ ግሊሰሪን ወይም ማወፈሪያ ስለሚገባበት ስስ ቅባት ጥሎ ይሄዳል። የምትፈልጉት ምንም ያልተጨመረበት ንጹሕ አልኮል ነው። ስትጠቀሙ አየር ያለበት ቦታ ሁኑ፤ ሲጋራም እሳትም አይቅረብ።

ምርጫዎቹ፦ ከደካማው እስከ ጠንካራው

*1. የማብሪያ ቅባት (ድሬሲንግ)።* ላቫጆ ላይ የሚቀባው ይህ ነው። ሁለት ዓይነት አለ። በዘይት ወይም በነዳጅ ሟሟት ላይ የተሠራው ቅባት ቅባት ይላል፣ ያብረቀርቃል፣ አቧራ ይስባል። በውሃ ላይ የተሠራው ደግሞ ወተት የመሰለ ሆኖ ሲደርቅ ብዙም አይጣበቅም፤ ከሁለቱ የሚመረጠው እሱ ነው። አንዳንዶቹ የፀሐይ መከላከያ አላቸው። ለምሳሌ 303 የሚባለው ምርት አምራቹ በየ30 እስከ 45 ቀን እንዲደገም ይመክራል። ያ ማለት ድሬሲንግ መጥፎ አይደለም፤ ግን እንደ ቆዳ ሎሽን ነው፣ ካልደገማችሁት የለም።

*2. ማቅለሚያ።* ጥቁር ቀለም ወደ ፕላስቲኩ ጉድጓዶች አስገብቶ የሚያስቀምጥ ፈሳሽ ነው። የሚቀባው በጣም በጥቂቱ ነው። ረጥቦም ግራጫ ለሚሆን ፕላስቲክ ጥሩ አማራጭ ነው። ጓንት ካላደረጋችሁ እጃችሁ ለቀናት ጥቁር ይሆናል።

*3. የሚደርቅ ሽፋን (ሴራሚክ የሚባለው)።* ይህ ተቀብቶ ከአየሩ ጋር እየተዋሃደ ይጠጥራል፤ በሳሙና አይነሳም። ሴራኮት የተባለው ኩባንያ ለፕላስቲክ የሚሸጠው በጨርቅ የተነከረ ሽፋን እስከ 200 እጥበት እንደሚቆይ አምራቹ ይናገራል። ይህ የአምራቹ ቃል ነው፤ እኛ ከፍታ ላይ ካለው ፀሐይ ጋር ሊያንስ ይችላል ብላችሁ አስቡት። የሆነው ሆኖ ከቅባት ጋር በወራት ይበላለጣሉ። ጉዳቱ ስህተትን አለመቀበሉ ነው፦ ያልጸዳ ቦታ ላይ ከተቀባ ወይም ተንዠርጎ ከደረቀ እድፉም አብሮ ይቆያል።

*4. ሙቀት።* ኢንተርኔት ላይ በሙቀት መተኮሻ ፕላስቲኩን ሲያሞቁት ወዲያው ሲጠቁር የሚያሳዩ ቪዲዮዎች ሞልተዋል። ውሸት አይደለም፤ የላዩ ሽፋን በትንሹ ቀልጦ ስንጥቆቹ ይገጥማሉ። ግን ፖሊፕሮፒሊን የሚቀልጠው 160 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ሲሆን መተኮሻው 500 ዲግሪና ከዚያ በላይ ይተፋል። ለጥቂት ሰከንድ አንድ ቦታ ከቆማችሁ ፓራውልቱ ይጣመማል ወይም ሸካራ ንድፉ ጠፍቶ እንደ ላስቲክ ያብለጨልጫል። አጠገቡ ያለው የመኪናው ቀለምም ይነፋል። በዚያ ላይ ከፀሐይ የሚከላከል ምንም አዲስ ነገር አልተጨመረምና ተመልሶ ይነጣል። የእሳት ችቦ ወይም ላምባ የሚጠቀሙትንማ ባታዩአቸው ይሻላል።

*5. ቀለም መቀባት።* በጣም ለሞተ ፕላስቲክ ነው። ፖሊፕሮፒሊን ቀለም አይወድም፤ መጀመሪያ ለፕላስቲክ የሚሆን ማጣበቂያ ፕራይመር ካልተቀባ በጥቂት ወራት እንደ ቆዳ ይላጣል። ቀለም ቤት ስትሄዱ "ፕራይመሩ የፕላስቲክ ነው?" ብላችሁ ጠይቁ፤ መልሱ ከተድበሰበሰ ተመለሱ። አንድ ጊዜ ከተቀባ በኋላ ወደ ተፈጥሮው መመለስ ከባድ ነው።

ዘመድ ከዱባይ ወይም ከአሜሪካ ሲመጣ ልታስመጡ ካሰባችሁ በጨርቅ የተነከረ ወይም በውሃ የተሠራ ምረጡ። ተቀጣጣይ የስፕሬይ ቀለም በመንገደኛ ሻንጣ መጫን አይፈቀድም፤ ኤርፖርት ላይ ይቀራል።

የሰፈር ዘዴዎች፦ የቱ ይሠራል? የቱ ያጠፋል?

*ናፍጣና ነጭ ጋዝ።* ርካሽ ነው፣ ወዲያው ያጠቁራል። ግን ፕላስቲኩ ይመጠዋል፤ የበርና የመስታወት ጎሚኒዎች ከነኩት ደግሞ ያብጣሉ፣ ይለሰልሳሉ። ጎሚኒ ካበጠ ዝናብ ወደ ውስጥ ይገባል። ላቫጆ ላይ "በናፍጣ እንዳትነኩብኝ" ማለት መብታችሁ ነው።

*የተቃጠለ የሞተር ዘይት።* ይህንን በፍጹም። ከጎሚኒው ጉዳት ሌላ ቆዳን በተደጋጋሚ ሲነካ ለካንሰር ሊያጋልጡ የሚችሉ ነገሮች አሉበት። የሚጎዳው መጀመሪያ በባዶ እጁ የሚቀባውን ልጅ ነው። ዝናብ ሲያጥበውም የሚገባው ወንዝ ውስጥ ነው።

*የጫማ ቀለም።* ሰምና ጥቁር ቀለም ስለሆነ ለፎቶ ያህል ያምራል። ዝናብ ሲመታው ግን ይወርዳል፤ መኪናው ላይ የተደገፈ ሰው ሱሪም ይበላሻል።

*ቫዝሊን።* የተሠራው ከነዳጅ ውጤት ነው። በፀሐይ ይቀልጣል፣ አቧራ ይሰበስባል፣ ጎሚኒንም አይወድም።

*የምግብ ዘይት።* አይደርቅም። ቀን አቧራ ይይዛል፤ ከሰነበተ ደግሞ ይሸታል። ለሰላጣ ተዉት።

*የተልባ ዘይት።* ይህ ከሌሎቹ ይለያል። የተልባ ዘይት ከኦክስጅን ጋር እየተዋሃደ የሚደርቅ ዘይት ነው፤ አናጢዎች እንጨት ላይ የሚጠቀሙበትም ለዚህ ነው። ፕላስቲክ ላይ በጣም በስሱ ተቀብቶ ትርፉ ከተጠረገ ለጥቂት ጊዜ ያጠቁራል። ግን ጥሬው ለመድረቅ ቀናት ይፈጃል፤ እስከዚያ አቧራ ይጠጣል። ከሁሉም በላይ አደጋ አለው፦ የተልባ ዘይት የጠጣ ጨርቅ ተጠቅልሎ ከተጣለ ሲደርቅ በራሱ ሙቀት ፈጥሮ ያለ ክብሪት ሊነድ ይችላል። የተጠቀማችሁበትን ጨርቅ ዘርግታችሁ ውጭ አድርቁት ወይም ውሃ ውስጥ ነክራችሁ ክዳን ባለው ቆርቆሮ አስቀምጡት። መኪና ውስጥ ወይም ጋራዥ ጥግ ላይ ጠቅልላችሁ አትተዉት።

አቀባቡ፦ ደረጃ በደረጃ

ለድሬሲንግም፣ ለማቅለሚያም፣ ለሚደርቅ ሽፋንም መሠረቱ አንድ ነው።

1. ቀኑን ምረጡ። ክረምት ላይ ከሆነ ዝናብ የማያገኘው ጣራ ከሌላችሁ ተዉት። መስከረም ጠብቶ ዝናቡ ሲያበቃ ምርጡ ጊዜ ነው። የክረምቱ ጭቃ ይታጠባል፤ የበጋው ፀሐይም ሳይጀምር መከላከያው ይደርሳል።
2. ከፕላስቲኩ ጋር የሚዋሰነውን ቀለም በወረቀት ፕላስተር ሸፍኑ።
3. መጀመሪያ የማይታይ ቦታ ላይ፣ ለምሳሌ ፓራውልቱ ሥር፣ የመዳፍ ያህል ሞክሩ። ደርቆ እስኪታይ ጠብቁ። ቀለሙ ካልጣማችሁ የጠፋው መዳፍ ታህል ብቻ ነው።
4. ጓንት አድርጉ፤ ፈሳሹን ወደ ስፖንጁ እንጂ ወደ መኪናው አታፍስሱ። ጥቂት ጠብታ ይበቃል። በዓለማችን ላይ የተበላሸ የፕላስቲክ ሥራ ሁሉ ብዙ ከመቀባት የመጣ ነው ብንል ብዙም አላጋነንም።
5. ቁራሽ በቁራሽ ሥሩ። አንዱን ፓራውልት ከጫፍ እስከ ጫፍ ሳታቋርጡ ጨርሱ፤ መሐል ላይ ብታቆሙ የመጋጠሚያው መስመር ይታያል።
6. ከጥቂት ደቂቃ በኋላ (ማሸጊያው ላይ ያለው ሰዓት ይበልጣል) በሌላ ንጹሕ ጨርቅ ትርፉን ጥረጉ። ሲነኩት የሚጣበቅ ነገር መቅረት የለበትም።
7. አንድ ጎን ተቀብቶ ሌላው ሳይቀባ አያምርም፤ ስለዚህ ከመጀመራችሁ በፊት ያላችሁ መጠን ለሁሉም መብቃቱን አረጋግጡ።
8. የሚደርቅ ሽፋን ከሆነ ቢያንስ 24 ሰዓት ውሃ፣ ጤዛና አቧራ አይንካው። ላቫጆ ለአንድ ሳምንት ይቅር።

መቀባት የሌለባቸው ቦታዎች

ይህንን ክፍል ሳታነቡ አትለፉ፤ ከማማር ወጥቶ ወደ ነፍስ ጉዳይ የሚገባው እዚህ ነው።

- የፍሬን ዲስክና ሸራ። ጎማ አካባቢ የሚረጭ ስፕሬይ ተንኖ ዲስኩ ላይ ካረፈ መኪናው አይቆምም። ጎማ ዙሪያ ስትሠሩ ሁሌም በስፖንጅ ቀቡ፣ አትርጩ።
- ጎማው መሬት የሚነካበት ፊት።
- መሪ፣ የፍሬንና የነዳጅ ፔዳል፣ የማርሽ ዘንግ። ያንሸራትታል።
- የሞተር ብስክሌት መቀመጫና የእግር ማሳረፊያ።
- የፊት መስታወት። ሲሊኮን የነካው መስታወት ላይ ማታ በዝናብ የዝናብ መጥረጊያው ሲሄድ የሚመጣው መኪና መብራት ይበታተናል፣ መንገዱ ይጠፋችኋል። መጥረጊያው ሥር ያለውን ፕላስቲክ ስትቀቡ መስታወቱን ሸፍኑ።

ላቫጆ ላይ ይህንን ሁሉ በሽክርክሪት ፍጥነት ሲረጩት ካያችሁ "ወንድሜ፣ በስፖንጅ አድርግልኝ" በሉ። ሁለት ደቂቃ ነው የሚጨምረው።

እንዲቆይ ምን ይደረግ?

- ጥላ ከሁሉም ይበልጣል። ግቢ ውስጥ ሁሌም አንድ አቅጣጫ የምታቆሙ ከሆነ አንዱ ጎን ቀድሞ ይነጣል። በየሳምንቱ አቅጣጫ መቀየር ብቻ ልዩነት አለው።
- የመኪና ልብስ ጥሩ ነው፤ ግን አቧራ ያለበት መኪና ላይ ማልበስ ቀለሙን ማስቧጨር ነው። መጀመሪያ አጽዱ።
- ለእጥበት ለስላሳ ሻምፑ ተጠቀሙ። ኦሞና በረኪና ለልብስ ነው።
- ቀለሙን ፖሊሽ ስታስደርጉ ጥቁሩ ፕላስቲክ አስቀድሞ ይሸፈን።
- ድሬሲንግ የምትጠቀሙ ከሆነ ስልካችሁ ላይ በየወሩ ማስታወሻ ሙሉ። የጠብታውን ፈተናም በየጊዜው ድገሙት፤ ውሃው መንከባለል ካቆመ የመከላከያው ጊዜ አልፏል ማለት ነው።
- በጣም ሳይነጣ ጀምሩ። አዲስ ፕላስቲክን መጠበቅ የሞተን ከመመለስ በብዙ ይቀላል።

መኪና ለምትገዙ

ያገለገለ መኪና ለመግዛት ሄዳችሁ ፕላስቲኩ ሁሉ ጥቁርና የሚያብረቀርቅ ከሆነ ደስ ይበላችሁ፤ ግን ጨርቅ ይዛችሁ ሂዱ። ነጭ ሶፍት በአልኮል ነክራችሁ ባለቤቱን አስፈቅዳችሁ የማይታይ ቦታ ጥረጉ። ጥቁር ቅባት ይዞ ከመጣና ሥሩ አመድ ከሆነ ቀለሙ የዛሬ ጠዋት ነው። ይህ ብቻውን መኪናው መጥፎ ነው አያስብልም፤ ሁሉም ሰው ለሽያጭ መኪናውን ያሰማምራል። ግን የነጣ ፕላስቲክ መኪናው ለዓመታት ፀሐይ ላይ መቆሙን ይመሰክራል። ያኔ ጎሚኒዎቹን፣ የጎማዎቹን ጎን ስንጥቅና ዳሽቦርዱን በደንብ እዩ፤ ፀሐይ ፓራውልቱን ብቻ መርጣ አትመታም።

የግራና የቀኙ ጥቁረት ከተለያየ ደግሞ አንዱ ተቀይሯል ማለት ሊሆን ይችላል። ግጭት ነበረ ወይ ብላችሁ ጠይቁ።

ባጭሩ

ረጥቦ የሚጠቁር ከሆነ፦ በደንብ ማጠብ፣ በአልኮል መጥረግ፣ የሚደርቅ ሽፋን ወይም በየወሩ የሚደገም በውሃ የተሠራ ድሬሲንግ።

ረጥቦም ግራጫ ከሆነ፦ ማቅለሚያ፣ ካልሆነ በፕላስቲክ ፕራይመር ቀለም።

ከተሰነጠቀና በጣት ሲጫኑት ከተሰበረ፦ አትልፉ። ያገለገለ ደህና ዕቃ ሶማሌ ተራ ፈልጉ፤ የምትቀይሩትን ግን ከመግጠማችሁ በፊት አጽድታችሁ ቀቡት። ከተገጠመ በኋላ የማይደረስባቸው ጠርዞች አሉ።

ገንዘብ የሌለበት ወር ከሆነም፦ ሳሙና፣ ብሩሽ፣ ጥላ። ሦስቱ ብቻ ፕላስቲኩ ከዚህ በላይ እንዳይብስ ያደርጉታል።

ይህንን ጽሑፍ ሴቭ አድርጉት፤ ላቫጆ ስትገቡ ይጠቅማችኋል። መኪናውን ሊሸጥ ለተዘጋጀ ወይም ሊገዛ ለወጣ ጓደኛችሁም አጋሩት።